የሰኞ ስንቅ

የእትዬ አይናለም ሚስኮል የገባው ስመኝ ምሳ ዕቃዋን እንደከፈተች ነበር። አሜሪካ፣ ግሮቭ ሲቲ ባለው መጋዘን ውስጥ ለምሳ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ማይክሮዌቩ ጋ ተሰልፈው ተራ እስኪደርሳቸው አብዛኛው ስለሚያልቅ፣ እሷና የሥራ ባልደረባዋ ሩቅያ ምግባቸውን ቀዝቃዛውን መብላት ለምደዋል። ስልኩ አንዴ ጮኾ ሲቋረጥ ሩቅያ ስሙን አየችና ሳቀች።

«አከራይሽ ናት? እዚህ ድረስ መጥተሽም አከራይ አልለቀቀሽም?»

«ምናልባት ጣሪያው አፍስሶ ይሆናል» አለች ስመኝ።

«አገር ቤት በዚህ በበጋ?»

ሩቅያ ትቀልድ እንጂ ነገሩ እውነት ነበር። ስመኝ ኮሎምበስ ውስጥ ከሩቅያ ጋር ከምትጋራው አፓርትመንት ሌላ፣ አገር ቤት ሾላ በር በምትባል የወረዳ ከተማ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይታ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን የተማረችባት ክፍል ናት። እሷ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ክፍሏ ተለቀቀች፤ የታናሽ እህቷ የሰርካዲስ ተራ ሲደርስ ያቺኑ ክፍል ፈልጋ ያዘችላት። ሰርካዲስ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ልትጀምር ስትል አካባቢው ተበጠበጠና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ይኸው ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ስመኝ ግን ክፍሏን አልለቀቀችም። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ቀን ልጅቷ ማደሪያ አጥታ መቅረት የለባትም።

መልሳ ስትደውል እትዬ አይናለም ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረሱትም።

«እኔ መቼም ነገር አመላላሽ አይደለሁም፣ ታውቂኛለሽ ልጄ። ግን ያለ አንቺ ፈቃድ ዕቃ ከቤቴ አይወጣም ብዬ ነው። ትናንት ከእናንተ አገር አንድ ሰው መጥቶ አልጋውን ልውሰድ አለኝ።»

«የትኛውን አልጋ?»

«አባትሽ የሠራውን ነዋ! ሰርኬ ጥር ላይ ልትዳር አይደል እንዴ?»

ስመኝ ሹካዋን አስቀመጠች። ሩቅያ ማኘኳን አቆመች።

«አልሰማሽም?» አሉ እትዬ አይናለም፤ ድምፃቸው ወረደ። «ወይ ጉድ! እንግዲያ እኔው ነኝ ያረዳሁሽ።»

በስመኝ መንደር ስልክ አይሠራም። አባቷን አቶ ጀማነህን ማግኘት የሚቻለው ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ፣ እትዬ አይናለም ቤት አረፍ ሲሉ ብቻ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ገና ነው። ስመኝ ምሳ ዕቃዋን ሳትነካው ከደነችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ካርቶኖቹ በቀበቶው ላይ ይመጣሉ፤ ስካን ታደርጋለች፤ ያልፋሉ። እጇ ሲሠራ ሐሳቧ ግን ሾላ በር ነበር።

ያኔ የሾላ በር ትምህርት ቤት ከግማሽ በላይ ተማሪው የሩቅ ገጠር ልጅ ነበር። ከተማው ውስጥ ሁለት ሦስት እየሆኑ ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከሰዓት ደወሉ ሲደወል መንገዱ ሁሉ በተማሪ ይሞላና ሁሉም ወደየመንደሩ ይበተናል፤ ሰኞ ማለዳ የሳምንቱን ስንቅ ይዞ ይመለሳል። የከተማው ልጆች ከአጥር ላይ ሆነው ይጠብቋቸው ነበር። «አገልግሎች መጡ! አገልግሎች መጡ!» እያሉ ይስቁባቸዋል፤ ስንቃቸውን በአገልግል ስለሚይዙ። ስመኝ አገልግሏን በነጠላዋ ሸፍና አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። አብራት የምትኖረው መዓዛ ግን መልስ አታጣም። «አገልግል ባዶውን አይሄድም፤ የእናንተን ኪስ አሳዩን እስቲ!» ትላቸዋለች።

ሐሙስ ሲደርስ እንጀራው ሻጋታ ያወጣል። ሻጋታውን ፍቀው የቀረውን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሲደርቅ በበርበሬና በውሃ አርሰው ይበሉታል። ስመኝ ዛሬም ድርቆሽ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ ነበር፤ መዓዛ የሒሳቡን ቀመር በከሰል ጋዜጣው ላይ እየጻፈች ተጋድመው ያጠኑታል። የተጋደሙበት፣ ክፍሉ ሲለቀቅም እዚያው የቀረው የጠፍር አልጋ አባቷ የሠሩት ነው። አቶ ጀማነህ ባሕር ዛፉን ጠርበው፣ ጠፍሩን ራሳቸው ወጥረው፣ ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር ተሸክመው ነበር ያመጡት። «ልጅህን ድረህ ነው አልጋ የምትሸከመው?» ብሎ መንገደኛ ሲስቅባቸው «አዎ፣ ለደብተር ድሬያት ነው» አሉ። ስመኝ ያንን ቀን በእፍረት መሬት ለመሬት ስታይ ነበር። ቆይቶ ነው ነገሩ የሞቃት።

መዓዛ አሥረኛ ክፍል ላይ፣ እንደሁልጊዜው ዓርብ ለስንቅ ወጣች። ሰኞ አልመጣችም። በማግሥቱም አልመጣችም። መምህሩ ስም ሲጠሩ «መዓዛ» ብለው ቀና አሉ። ከኋላ አንድ የመንደሯ ልጅ «ስንቅ ልታመጣ ሄዳ ቀረች፣ ቲቸር» አለ። ከዚያ በላይ የጠየቀ የለም። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ በየዓመቱ ከጥር በኋላ ሴቶቹ የሚቀመጡበት ወንበር ይሳሳል። መምህሩ ቀጣዩን ስም ጠሩ።

ከዓመት በኋላ ስመኝ ገበያ ላይ አገኘቻት። ሕፃን አዝላለች። መዓዛ «ሒሳብ የት ደረሳችሁ?» አለቻት። ስመኝ ነገረቻት። መዓዛ ትንሽ አሰበችና «እሱማ ቀላል ነው» አለች፤ ሕፃኑን ወደ ላይ ነቅነቅ አድርጋ አስተካክላ ወደ ሽንኩርቱ ተራ ሄደች።

ስመኝ ይህችን ነገር ለማንም አውርታ አታውቅም። ለሩቅያ የነገረቻት እትዬ አይናለም በደወሉበት ዕለት፣ ከሥራ ሲመለሱ መኪና ውስጥ ነው። ሩቅያ ደሴ ነው ያደገችው። «የእኛ ቤት ከሃይስኩሉ አጥር ጋር የተያያዘ ነበር» አለች መሪዋን እንደያዘች። «ደወሉ ሲደወል ነበር ከአልጋ የምነሳው። እንደዚያም ሆኖ አረፍድ ነበር።» ከዚያ ቀልዱ ቦታው እንዳልሆነ ገባትና «አባትሽ ማንን ይሰማሉ?» ብላ ጠየቀች።

ስመኝም ይህንኑ ስታስብ ነበር የዋለችው። ልጅ አባቷን «ተው» አትልም። ሽማግሌ ያስፈልጋል። ኮሎምበስ ውስጥ ደግሞ የአባቷን አገር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ጋሼ ገብረየስ።

ጋሼ ገብረየስ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በትራክ ሾፌርነት የጨረሱ፣ አሁን ኮሎምበስ ዳር፣ ዌስተርቪል ውስጥ በገዙት ቤት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው ደጀን ከአቶ ጀማነህ ጋር አብሮ አደግ ነው። ስመኝ በዲቪ የመጣች ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አገሯን ጠይቀው ሲያውቋት እንደ ልጃቸው ነው የያዟት። ስትደውልላቸው እስክትጨርስ አላስጨረሷትም።

«ቅዳሜ ጠዋት ነይ። አባትሽን እኔ እለምነዋለሁ። ስንት ትዳር ያስታረቅሁ ሰው ነኝ፤ አንድ ትዳር ማስቀረት ያቅተኛል?»

ቅዳሜ ሩቅያ ስመኝን ዌስተርቪል አድርሳት «ውጭ እጠብቅሻለሁ፤ የሽማግሌ ነገር እኔን ያስቀኛል» ብላ መኪናዋ ውስጥ ቀረች። ሌሊቱን የጣለው በረዶ ደጃፉ ላይ አልቀለጠም። ጋሼ ገብረየስ ኮት ለብሰው፣ ከላይ ጋቢ ደርበው ነበር በሩን የከፈቱት። ስልኩን ሳሎኑ መሐል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ላውድ አደረጉት። ስመኝ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እሳቸው አልተቀመጡም።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ጉልበትዎ…»

«ሽምግልና ሄጄ፣ ሰውየው እሺ ሳይለኝ ልቀመጥ? ምን ነካሽ?»

«ስልክ ነው እኮ፤ አያዩዎትም።»

«ከድምፄ ያውቃል» አሉ።

እትዬ አይናለም አነሱት። ጥቂት ጫጫታ ተሰማ፤ የገበያው ድምፅ፣ የበር ድምፅ። ከዚያ የአቶ ጀማነህ ሳል መጣ።

«ጀማነህ፣ ገብረየስ ነኝ። የደጀን ወንድም።»

«አያ ገብረየስ! እንኳን ድምፅህን ለመስማት አበቃኝ! እንደምን ከረማችሁ? አገሩ እንዴት ነው? ልጆቹ?»

ሰላምታው ረዘመ፤ ሳይረዝም ነገር አይጀመርም። ስመኝ ጣቶቿን እያፍተለተለች ጠበቀች። በመጨረሻ ጋሼ ገብረየስ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ልለምንህ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያ ቁጭ በላ።»

«ቆሜያለሁ። እሺ ካላልከኝ አልቀመጥም።»

አቶ ጀማነህ ሳቁ። «አሜሪካ ቆመህ በምን አየሃለሁ?»

«እግዜር ያየኛል። ስለ ሰርካዲስ ነው። ልጅቷ ትንሽ ትቆይ። ትምህርት ቤቱ ይከፈታል፤ ዛሬ ባይከፈት ነገ ይከፈታል። ታላቋን ለዚህ ያበቃህ ሰው፣ ታናሿን መንገድ ላይ አትጣላት። ስለ ደጀን ብለህ፣ ስለ እኔ ሽበት ብለህ።»

በዚህ መሐል የጋሼ ገብረየስ ልጅ ህብረት፣ የሃይስኩል ተማሪ ናት፣ የመኪና ቁልፍ ጣቷ ላይ እያሽከረከረች ከፎቅ ወረደች። የትምህርት ቤቷ ስም የተጻፈበት ሹራብ ለብሳለች። አባቷን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«ዳድ፣ ዋይ አር ዩ ስታንዲንግ?» አለች፣ መቆማቸው ገርሟት።

«ዝም በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ኦኬ… አይ ሃቭ ፕራክቲስ» አለችና፣ ወደ ልምምዷ ልትሄድ ስመኝን ፈገግ ብላ ሰላም ብላት ወጣች። መኪናዋ ሲነሳ በመስኮቱ ተሰማ።

አቶ ጀማነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አያ ገብረየስ፣ ቁጭ በል።»

«እሺ አልከኝ?»

«እኔማ ምን ቆርጦኝ እንቢ እልሃለሁ? ነገሩ በእጄ ቢሆን ገና ስትቆም እሺ ባልኩህ ነበር። ያንን ሁሉ ዘመን ለስመኝ ስንቅ ተሸክሜ ስመላለስ፣ ሰው ምን ምን ሲለኝ ደጀን ያውቃል። ያን የቻልኩ ሰውዬ ነኝ ዛሬ ይችን በግድ የምድራት? እኔም ተይ ብያታለሁ። እናቷም ብላታለች። ዳሩኝ ያለችው ልጅቱ ናት።»

ጋሼ ገብረየስ ስመኝን አዩዋት። ስመኝ ስልኩን አየችው። ሳምንቱን ሙሉ አባቷን እንዴት እንደሚለምኑላት ስታሰላስል ሰርካዲስን መጠየቅ አንዴም ትዝ አላላትም። ልመናው ሁሉ የተዘጋጀው ለአባቷ ነበር።

«እዚሁ ናት» አሉ አቶ ጀማነህ። «ራሳችሁ ጠይቋት። እኔስ ደክሞኛል።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተንኮሻኮሸ።

«እታለም?»

«ሰርኬ። ማነው ያስገደደሽ?»

«ማንም አላስገደደኝም።»

«አባባ አጠገብሽ ስላለ ነው? ውጪና አናግሪኝ።»

«ወጥቷል። በር ላይ ነው። ማንም አላስገደደኝም አልኩሽ እኮ።»

ጋሼ ገብረየስ አሁንም ቆመው ነበር። አንድ እጃቸው ጉልበታቸውን ይዟል።

«ትንሽ ጠብቂ» አለች ስመኝ። «ክፍሉን አልለቀቅኩትም። መከፈቱ አይቀርም፤ የተከፈተ ዕለት…»

«እታለም፣ አንድ ነገር ብነግርሽ አትቆጪኝም?»

«አልቆጣም።»

«ክፍሉን እንዳትለቂ ብለሽኝ አልነበር? እኔም ሰኞ ሰኞ እመጣ ነበር።»

«የት?»

«እዚህ፣ ሾላ በር። ስንቄን ይዤ። ሰው ሲያየኝ ትምህርት ቤት ተከፈተ እንዴ ይለኛል። እስከ ዓርብ እቀመጣለሁ፣ ዓርብ እመለሳለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ አነብ ነበር። ያው መጽሐፍ ነው፤ አለቀ። የግድግዳውንም ጋዜጣ ጨረስኩት። ያ በከሰል የተጻፈውን፣ የመዓዛን፣ እሱንም ሠራሁት። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ደወሉን መጠበቅ ጀመርኩ። እንደማይደወል አውቃለሁ። ግን ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ሄጄ ብመለከት ቸርኬው የለም።»

ደወሉ ከግራሩ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ዘበኛው በብረት ሲመታው ከተማው ሁሉ ይሰማው ነበር፤ ስመኝ አልጋው ላይ ሆና ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችውን ማስታወስ ፈለገች፤ አልቻለችም።

«ማን ወሰደው?»

«እንጃ። ግራሩ ብቻ ነው የቀረው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አንቺ ክፍሉን ይዘሽልኛል። አልመጣም ብል የናቅኩሽ ይመስልሻል ብዬ። እዚያ በበረዶ እየሠራሽ…»

ስመኝ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። የህብረት መኪና ጎማ በረዶው ላይ ሁለት መስመር ትቶ ሄዷል።

«ባሕር ዳር አክስታችን ጋ ሄደሽ ብትማሪስ?»

«ዓምና ሞክረን የለ? መንገዱ ተዘግቶ ከግማሽ ተመለስን። አባባ ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ ታመመ። ደግሞ ላከኝ ልበለው?»

ስመኝ «ወደ እኔ አመጣሻለሁ» ልትል አፏን ከፈተች። ዜግነቷን ገና አላገኘችም፤ ካገኘችም በኋላ እህት ለማምጣት ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ ከመጋዘኑ ሰው ሁሉ ሰምታለች። ሰርካዲስ እስካሁን አንድ ቀን እንኳ «ውሰጂኝ» ብላት አታውቅም። አፏን መልሳ ዘጋችው።

«ልጁ ማነው?» አለች በመጨረሻ።

«ዳኛቸው። አስራ አንደኛ ላይ አንድ ክፍል ነበርን። ፊዚክስ ይችላል።» ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለ። «እሱም እንደኔ ሰኞ ሰኞ ይመጣ ነበር፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው ክፍላቸው። ጓደኞቹ ሁሉ ቀርተው ብቻውን ነበር። ሲከፈት አብረን እንመለሳለን ብሏል።»

ስመኝ በሐሳቧ ገበያው መሐል ቆማ ሕፃን ያዘለችውን መዓዛን አየቻት። ሒሳብ የት ደረሳችሁ። ይህን ለእህቷ መንገር ትችላለች። ነግራትስ? ታዲያ ምን አድርጊ ትበላት? ሰኞ ስንቅሽን ይዘሽ ተመለሽ? ግራሩን ጠብቂ?

«ሲከፈት ትመለሻለሽ?» አለች፤ የራሷ ድምፅ የልመና ሆኖ ተሰማት።

«እመለሳለሁ እንጂ» አለች ሰርካዲስ ቶሎ ብላ። ታላቅን ለማስደሰት እንደሚባለው አባባል ነበር።

ከስልኩ ውስጥ የሆነ ሰው ዶሮ እያባረረ ነበር። ጋሼ ገብረየስ ስመኝን በእጃቸው «ምን ልበል?» በሚል ዓይነት ጠየቋት። ስመኝ «ምንም» በሚል ራሷን ነቀነቀች። ሽማግሌው የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው፣ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው፣ ማንም እሺ ሳይላቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እታለም፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«እትዬ አይናለም አልጋው ያለ አንቺ ፈቃድ አይወጣም ብለው ሰውየውን መለሱብኝ። አዲስ ለማሠራት እንጨቱም የለ። ልውሰደው እንዴ? ከከፋሽ ይቅር።»

ስመኝ አልጋውን በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። በአራቱም ጥግ የአባቷ የመጥረቢያ ምልክት አለበት። በመሐሉ፣ እሷና መዓዛ ጎን ለጎን የሚተኙበት ቦታ፣ ወደ ታች ጎድጎድ ብሏል።

«ውሰጂው» አለች። «ጠፍሩ ግን መሐሉ ላይ ላልቷል። ከመውሰዳችሁ በፊት አባባ ያጥብቀው።»

ሰርካዲስ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ወደ በሩ ስትጣራ ተሰማ። «አባባ! እታለም ውሰጂው ብላለች! ጠፍሩ ላልቷል፣ አጥብቀው ብላለች!»

የአቶ ጀማነህ ድምፅ ከሩቅ መጣ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስላሉ።

«ላልቷል እንዴ? እኔ እኮ ጥብቅ አድርጌ ነበር የወጠርኩት።»